ከድር ካምቢዮና የእኔ ዐሥር ሊትር

ጋሽ ከድር መሞታቸውን የነገረችኝ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ ከርሜ ኮልፌ ስመለስ ጋራዡ በነበረበት በር ላይ የሴት ቀሚስ ተሰቅሎ አገኘሁ። የተሳሳትኩ መስሎኝ እስከ አስፋልቱ ተመለስኩና በሮቹን እንደገና ቆጥሬ መጣሁ። ያው ነው። እዚህ የነበሩት ሽማግሌ የት ገቡ ብዬ ብጠይቃት፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ «ካምቢዮን ነው? ሞቱ እኮ። አራት ወር ሆናቸው» አለችኝ። ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየኋት አላውቅም፤ ብድግ ብላ ወንበር አወጣችልኝ።

ማንም ስላልነገረኝ ማንንም አልወቅስም። እኔ ሰው ሲሞት የሚነገረው ዓይነት ሰው አይደለሁም። ከሚያውቁኝ ግማሹን ሰድቤዋለሁ፣ ግማሹ ደግሞ ቀድሞ ሰድቦኛል። ለቅሶው ስላመለጠኝ ይህን እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ስለሆነ ጽሑፌ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ የጭነት መኪና ቢንገጫገጭ የሚያነበው ሰው ይቻለኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ደግ ስለነበሩ ግን አይደለም። ደግ የሚባል ሰው አልነበሩም።

ካምቢዮ የሚለውን ስም የሰጣቸው ሰፈሩ ነው። በዚያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ሞተር የሚፈታ ሞልቶ ነበር፤ የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ ከፍቶ መልሶ የሚገጥመው ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ። አጭር፣ ትከሻቸው የሰፋ ሰው ናቸው። ቱታቸው ከዘይት ብዛት አውልቀው ቢያቆሙት ብቻውን የሚቆም ነበር። ቆባቸው ግን ነጭ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተኝተው ውለው ሲወጡ ቆባቸው ላይ ጠብታ የለም። እንዴት እንደሚያደርጉት ብዙ ጊዜ አጥንቼ አልደረስኩበትም።

የጋራዡ ግድግዳ ላይ እንደ ሰው ሁሉ የጃንሆይን ሥዕል ሰቅለዋል። ከሥዕሉ ቀጥሎ ግን የተጣመመ ክዳን፣ ጥርሱ የረገፈ ማርሽ፣ ከሰል የመሰለ ፍሪሲዮን በሽቦ ተንጠልጥሏል። ምንድን ናቸው ሲሏቸው፣ «እኔ ያበላሸኋቸው ናቸው» ይላሉ። ይህ ደንበኛ ያባርራል አልኳቸው አንድ ቀን። «አበላሽቶ የማያውቅ ሠሪ ካለ እዚያ ይሂዱ። ሲያገኙት ለእኔም ይንገሩኝ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

መኪና ሲመጣላቸው ከመንካታቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። መቼ ጀመረ? ከመጀመሩ በፊት ማን ነካው? ምን አደረገው? ይህን ሳይመልሱ ኮፋኖ ማስከፈት አይቻልም። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው፣ ከኋላቸው ሁለት አጃቢ ያስከተሉ፣ እሳቸው ዘንድ ቆሙ። ጋሽ ከድር ጥያቄያቸውን ጀመሩ። ሰውየው ተቆጡና ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ ወይ አሏቸው። ጋሽ ከድር እጃቸውን በሰጋቱራ እያሹ፣ «እኔማ አውቅዎታለሁ፣ ጌታዬ። መኪናው ነው የማያውቅዎት» አሉ። ሰውየው መልሱን ተናገሩ፤ ልጃቸው ሳይፈቀድለት ነድቶት ኖሯል።

እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም።

ያን ጊዜ እኔ፣ አያሌው፣ የሐጂ በድሩ ሾፌር ነበርኩ። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አገራቸው ወደ ወልቂጤ ነው፤ ቤታቸው ኮልፌ። አገሩን ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ አንድ ረጅም አሜሪካን ሠራሽ መኪና ገዝተው ነበር፤ ማርሹን በራሱ የሚቀይር፣ ፍሪሲዮን የሌለው። የጭነት መኪና ለለመደ ሰው ግራ እግሩ ሥራ ፈቶ መቀመጡ ራሱ ያሳፍራል። እኔ ግን ኮራሁበት። ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ መኪናው የእኔ ብልህነት የወለደው ይመስል አንገቴን አስግጌ ነበር የምሄደው።

ሐጂ ቁርኣን በዐረብኛ ይቀራሉ፤ የአማርኛ ፊደል ግን አያውቁም። ሲቀጥሩኝ የፈለጉት ነጂ ብቻ አልነበረም፤ ጠዋት ሱቅ እስኪደርሱ ጋዜጣ የሚያነብላቸው ሰው ነው የፈለጉት። ታነባለህ አሉኝ። አነባለሁ አልኩ። እኔ ግን «ሀ»ን ከመጥረቢያ የማልለይ ሰው ነበርኩ።

ዘዴው እንዲህ ነበር። ጠዋት በማለዳ ሻይ ቤት እገባና የሬዲዮውን ዜና በጆሮዬ እለቅማለሁ። ከዚያ ሐጂን ሱቃቸው ደጅ አደርስና፣ መኪናውን አቁሜ ጋዜጣውን ዘርግቼ፣ የሰማሁትን አነብላቸዋለሁ። ገጹን እገልጣለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ አንዳንዴም ከባድ ቃል እንደገጠመው ሰው ቆም እላለሁ። ሬዲዮው በተበላሸ ቀን ከራሴ እፈጥራለሁ። አንድ ቀን ምንም ዜና ስላልነበረኝ ወልቂጤ በዚህ ዓመት መብራት ሊገባላት ነው ብዬ አነበብኩ። ሐጂ በደስታ እንደገና አስነበቡኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር እንዲመሳሰል ላብ በላብ ሆንኩ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሐጂ እቤታቸው ሬዲዮ ነበራቸው፤ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ረመዳንን ነው የሚጠብቀው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። የሐጂ የወንድማቸው ልጅ ወልቂጤ ልትዳር ነው፤ ሙሽራዋ በዚሁ መኪና እንደምትሄድ ሐጂ ለዘመድ ሁሉ ቃል ገብተዋል። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ቅዳሜ እንነሣለን። መኪናው ግን ማርሽ ሲያስገቡት እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ትንሽ አሰብ አድርጎ ነበር የሚነሣው፤ የካምቢዮውም ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ይሸታል። ሐጂ መሀል ከተማ ወዳለ የፈረንጅ ጋራዥ ወስደህ ዘይቱን አስቀይር አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ወሰድኩ። በሩ ላይ አንድ ጸሐፊ ወረቀት ሰጠኝ። የመኪናውን ችግር እዚህ ጻፍ፣ እዚህ ፈርም አለኝ። ከኋላዬ አራት ሾፌሮች ተሰልፈዋል። እጄ እንዳልተዘረጋ ያየው ጸሐፊ ምንም ሳይል መሳቢያውን ከፈተና የአውራ ጣት ቀለም አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለሥራው ነው። ከኋላዬ ግን አንዱ ሳቀ፤ ወይም ሳል ነበር፤ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የረሳሁት ዕቃ አለ ብዬ መኪናውን አስነሥቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ዘይት መቀየር ምን ያቅታል አልኩ። የጭነት መኪና ዘይት ስንት ጊዜ ቀይሬአለሁ። ዘይት ሻጩ ዘንድ ሄጄ ይህ መኪና ካምቢዮው ምን ያህል ይጠጣል አልኩት። መጽሐፍ ገለጠና ዐሥር ሊትር ይላል አለኝ። ቀይ ዘይት ዐሥር ሊትር ይዤ ቤቴ ገባሁ። የቤት አከራዬ ወይዘሮ ተዋበች ልብስ የሚያጥቡበትን ባኞ ከመኪናው ሥር አስገባሁና የካምቢዮውን የታች ክዳን ፈታሁ። ዘይቱ ወጣ፤ ባኞው ከግማሽ በታች ሞላ። ወይዘሮ ተዋበች መጥተው የሚደፋ ከሆነ ለአጥራቸው እንጨት መቀቢያ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ፣ ለምስጥ ነው። ወስደው ቀቡት። እኔም ምን ያህል እንደወጣ ሳላይ እርግፍ አድርጌ ተውኩት።

ዘይት እንዳያፈስ በክዳኑና በካምቢዮው መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ሲፈታ ተቀዶ ነበር። ከካርቶን ቆርጬ አዲስ ሠራሁ። ከዚያ ደግሞ ብልሃቴ መጣ። የጭነት መኪና ሰልባትዮ፣ የቤንዚን ቋቱ፣ መንገድ ላይ ሲያፈስ ሳሙና እናሽበት ነበር፤ ቤንዚኑ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ካርቶኑን በሁለቱም ወገን ሳሙና ቀባሁት። ቡሎኖቹን ብረቱ እስኪያቃስት አጠበቅሁ። ዐሥሩንም ሊትር ጨመርኩ። የመለኪያውን ዘንግ ሳወጣው ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ብዙ ሄዷል፤ ቢተርፍ እንጂ አይጎድለውም ብዬ ደስ አለኝ። እኛ ቤት እንግዳ ብርጭቆ ጎድሎ አይቀርብለትም። መኪናውንም እንደ እንግዳ አስተናገድኩት።

ማታ ለሐጂ ጋራዡ ቀይሮታል አልኳቸው።

ረቡዕ ጠዋት የሐጂ ባለቤት ግቢውን ሲያዩ፣ ዛሬ ማን ነው ያረደው ብለው ጠየቁ። ከመኪናው ሥር ቀይ ኩሬ ተኝቷል። አሸዋ በተንኩበት። ሐጂን ሱቅ አድርሼ እንደተመለስኩ ከሥሩ ተኛሁና ቡሎኖቹን ጨምሬ አጠበቅሁ። ከቀትር በኋላ ኩሬው ሁለት ሆነ። እንደገና አጠበቅሁ። ማፍሰስ የሚቆመው በማጥበቅ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ በሰውም በመኪናም። በነጋታው ሐሙስ የቀረኝ ሁለት ቀን ነው። ወልቂጤ መንገድ ላይ ካምቢዮው ደርቆ ሙሽራ ይዤ ብቆም ሐጂ ምን እንደሚያደርጉኝ አሰብኩ። ለሐጂ መኪናውን ለመንገዱ ላዘጋጀው ነው አልኩና ወደ ጋሽ ከድር ነዳሁ።

መቼ ጀመረ አሉኝ። ትናንት አልኩ። ከዚያ በፊት ማን ነካው? የፈረንጅ ጋራዥ አልኩ። ወደ መኪናው ሥር ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው አሹት፣ አሸተቱት፣ ቀና አሉ።

«እንግዲያው ወደ ፈረንጁ ውሰደው» አሉና ወደ ሌላ መኪና ሄዱ።

መንገዱ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ሌላ ጋራዥ አሰብኩ፤ የለም። መሸሽ አሰብኩ፤ በምን? የምሸሽበት መኪና እንኳ ያፈሳል። ተመልሼ ገባሁና እኔ ነኝ የቀየርኩት አልኳቸው። ፊታቸው አልተለወጠም።

«ሳሙና ይሸታል። ገላውን አጠብከው?»

«ጓርኒሲዮኑን ነው የቀባሁት።»

«ለቤንዚን የሚበጀው ሳሙና ትኩስ ዘይት ሲያገኘው ምን ይሆናል?»

አላውቅም አልኩ። ታያለህ አሉኝ።

ከዚያ ተጋደም አሉኝ። እሳቸው ዘንድ መኪናው ሥር የሚተኛው ያበላሸው ሰው ነው። ካምቢዮውን ከላይ እስከ ታች በቤንዚንና በብሩሽ አሳጠቡኝ፤ በጨርቅ አስደረቁኝ። የት ነው የሚያፈሰው አሉ። እኔም ታች፣ ክዳኑ ጥግ ላይ፣ ይኸው እዚህ ይንጠባጠባል አልኩ። በትዕግሥት የነገሩኝን አሁን ሳስበው፣ ለስንት ሾፌር እንደነገሩት እገምታለሁ።

«የሚንጠባጠብበትን ሁሉም ያያል። የረጠበውን ወደ ላይ እየተከተልክ ሂድ፤ ከሁሉ በላይ የረጠበው የት ነው? እዚያ ነው የጀመረው። አሁን ግን ሁሉም ርሷል፣ አንለየውም። ጠመኔ አምጣ።»

ጠመኔ? አዎ፣ ጠመኔ፤ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት። ተፈጭቶ በደረቀው ብረት ላይ ሲነፋ፣ ዘይቱ የሚወጣበት ነጩ ላይ ቀይ መስመር ሆኖ ይታያል። ዱቄትም ይሆን ነበር፣ ግን እህል ብረት ላይ አይነፋም አሉ።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ ልጆቹ ወጥተው የጎልማሶቹ ትምህርት ገብቷል። በሩን ገፋ አድርጌ ብገባ፣ ዘበኛውም ሸክመኛውም የማውቃቸው ሽማግሌዎችም የሕፃን አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀምጠዋል። መምህሩን ጠመኔ ፈልጌ ነበር አልኩት። ለምን አለኝ። ለመኪና አልኩ። አንዱ ሸክመኛ፣ «መኪናውም ፊደል ሊቆጥር ነው?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩ ስብርባሪውን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና፣ ቦታ አለ፣ ከፈለግህ ና አለኝ። የማነብ ሰው እንደሆንኩ ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም ነበር።

ጠመኔውን ነፋን፣ ከሥሩ ወረቀት ዘረጋን፣ ሞተሩን አስነሣን። ጋሽ ከድር ፍሬኑን ረግጠው ማርሹን ወደፊትም ወደኋላም እያመላለሱ ሞተሩ ሲሞቅ እኔ ተኝቼ አያለሁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከላይ፣ ጨርሶ ካልጠበቅሁት ቦታ፣ ካምቢዮው ከሚተነፍስባት ትንሽ ቀዳዳ ሮዝ አረፋ ብቅ አለ። የሳሙና አረፋ ነው። እየተንገዋለለ በነጩ ጠመኔ ላይ ቀይ መንገድ ሠርቶ ወረደና ክዳኑ ጥግ ላይ ደርሶ ተንጠባጠበ። ቀጥሎ ከክዳኑ ከራሱ፣ በጣም ካጠበቅሁት ቡሎን አጠገብ፣ ሌላ ቀይ መስመር ወጣ።

ያየሁትን ስነግራቸው ሞተሩን አጠፉ። የታችኛው ግልጽ ነው አሉ፤ ብታጠብቀው ብታጠብቀው የክዳኑ ከንፈር ተጣሟል፣ ካርቶኑም ተጨፍልቋል። የላይኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ዘይቱ ስለበዛ ማርሾቹ እንደ ሊጥ ይመቱታል፣ አረፋ ይሆናል፣ በመተንፈሻው ይወጣል። ሳሙናህም አግዞታል። ስንት ጨመርክ? ዐሥር አልኩ። ስንት ወጣ?

ጨርቁን አነሣሁና እጄን ጠረግሁ።

«የወጣውን አልለካህም?»

«መጽሐፉ ዐሥር ይላል።»

«መጽሐፉ ያለው ተፈቶ ለደረቀ ነው። ክዳን ሲከፈት የሚወጣው ግማሹ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። ዘይቱ የት አለ?»

አጥር ላይ አልኳቸው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ቀጥለው በምን እንደተቀበልኩት ጠየቁኝ። በባኞ ስላቸው ቆባቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ወይዘሮ ተዋበች ደጃቸው ላይ ሆነው ስንመጣ አዩን። እኔን ትተው ለጋሽ ከድር ተናገሩ። «ይኸውልዎ፣ አባቴ፣ ልብስ የማጥብበትን እንዲህ አድርጎልኝ፣ ሁለት ቀን ፈትጌው አልለቀቀም። ተከራይ ነው ብዬ የመኪና ሐኪም አስገብቻለሁ።» ጋሽ ከድር እጅ ነሥተው ባኞውን እንዲያሳዩዋቸው ለመኑ። ውስጡ ላይ፣ ከግማሽ በታች፣ ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት ይዟል፤ ዘይቱ የደረሰበት ነው። ጋሽ ከድር መሬቱን አስተካክለው ባኞውን አኖሩ፣ በሊትር ጠርሙስ ውኃ እየለኩ ጨመሩ። አራት ተኩል ላይ ውኃው ከቀለበቱ ጋር እኩል ሆነ። አራት ተኩል አውጥቼ ዐሥር አስገብቻለሁ። ወይዘሮ ተዋበች፣ «ይህችን እንኳ እኔ ብጠየቅ እነግረው ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። የእሳቸው ባኞ ከእኔ ይልቅ ያስታውሳል።

ሐሙስ ማታና ዓርብ ጠዋት ሠራን። ዘይቱን አወጣን፤ ሳሙና ስለነካው ተጣለ፣ ውስጡንም በንጹሕ ዘይት አጠቡት። ክዳኑን እንጨት ላይ ደፍተው ከንፈሩን በመዶሻ ቀስ እያሉ አቀኑት፤ ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ዓይናቸውን ከብረቱ ጋር እኩል አድርገው ያያሉ፣ እንደገና ይመታሉ። ጓርኒሲዮኑን ከቡሽ ቆረጡ። ቡሎኖቹን ሳስገባ ረጅሙን መፍቻ ቀምተው አጭሩን ሰጡኝ፤ በሁለት ጣት ብቻ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ እየተሻገርክ፣ ትንሽ በትንሽ አሉኝ። ጨመር ሳደርግ መፍቻውን ከእጄ ይወስዱና ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ከዚያ ማክሰኞ የወጣውን ያህል፣ አራት ተኩል ሊትር ዘይት ጨመሩ፣ አንድ ጠብታ ሳይተርፍ። እስከ አየር ጤና ነድተን ተመለስን፤ ካምቢዮው ሲግል፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘንጉን አወጡና አሳዩኝ፤ ዘይቱ ምልክቱ ላይ ቁጭ ብሏል። እንደገና ጠመኔ ነፋን፣ ወረቀት ዘረጋን። ጋሽ ከድር ጁምዓ ሄዱ። እኔ ወረቀቱን ስጠብቅ ዋልኩ። ነጭ ነው። ደስ አለኝ። ዳንኩ ብዬ ነበር።

ጋሽ ከድር ሲመለሱ ከጎናቸው ሐጂ በድሩ አሉ። ኮልፌ ውስጥ ሁለት ሙስሊም ሽማግሌ አንድ መስጊድ ሊሰግዱ እንደሚችሉ ማሰብ አቅቶኝ ነበር።

ሐጂ ወረቀቱን፣ ጠመኔውን፣ እኔን አዩ። ለመንገድ ማዘጋጀት ይህ ነው? ማክሰኞ ጋራዥ ገብቶ የለም እንዴ? ጋሽ ከድር ማፍሰሱንና መሠራቱን ብቻ ነገሯቸው። ሐጂ ተቆጡ። ለፈረንጁ አምነው ሰጥተው ሙሽራ ይዘው መንገድ ላይ ሊቀሩ እንደነበር፣ የጋራዡን ባለቤት በደንብ እንደሚያውቁት፣ ይህን የሠራውን ሠራተኛ ዛሬውኑ እንደሚያስባርሩት ተናገሩና ወደ እኔ ዞሩ። ማን ነው የሠራው? ስሙን ንገረኝ።

እውነቱን ልጻፍ። ስም ሁሉ መጣልኝ። ኀይሌ ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ስንት ኀይሌ ጋራዥ ውስጥ ይኖራል።

ጋሽ ከድር እጃቸውን በሰጋቱራ እያሹ፣ «ማን ነካው የሚለውን አያሌው ያውቀዋል» አሉ። ከዚያ በኋላ ዝም። አላጋለጡኝም፣ አልሸሸጉኝም። ሰው እንዲህ ዝም ሲል ያናድዳል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ ምን?»

«የቀየርኩት። ጋራዥ አልገባም። ችግሩን ጻፍ አሉኝ፣ መጻፍ አልችልም።»

ሐጂ ከመኪናው ርቀው ወደ እኔ ቀረቡ። መኪናውን የረሱ መሰለኝ።

«ጋዜጣውስ?»

«ከሬዲዮ ነው፣ ሐጂ። ጠዋት ሻይ ቤት ሰምቼ ነው የምነግርዎ።»

«ሁለት ዓመት?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሬዲዮማ እኔም አለኝ» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ ዓይናቸው እየጠበበ፣ «የወልቂጤው መብራትስ?»

አንገቴን ደፋሁ። መብራቱ ከሁሉ በላይ እንደጎዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለዘመዶቻቸው ሁሉ አብሥረዋል። ቅዳሜ ሌላ ነጂ ስለማላገኝ አንተ ትነዳለህ፣ ሰኞ ቁልፉን ታስረክባለህ አሉኝ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ወልቂጤ ደርሰን ተመለስን። በቆምን ቁጥር መኪናው ሥር ገብቼ አያለሁ፤ ደረቅ ነው፣ አንድ ጠብታ የለም። ሠርጉ ላይ ሽማግሌዎቹ ሐጂን ከበው መብራቱ መቼ ነው የሚገባው ይላሉ። ሐጂም በድንኳኑ ማዶ እኔን እያዩ፣ «ቀርቷል» ይላሉ። እየደጋገሙ ተጠየቁ፣ እየደጋገሙ አዩኝ። የበላሁት ሥጋ ምን እንደሚመስል አላስታውስም።

ሰኞ ቁልፉን አስረከብኩና በቀጥታ ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ። አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝተዋል፤ እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው። ለእግራቸው ተናገርኩ። እንጀራዬን እንዳስጣሉኝ፣ አንዲት ቃል ቢሉልኝ እተርፍ እንደነበር፣ እውነት መናገር ለሚበላ ሰው ቀላል እንደሆነ፣ ሽማግሌ ከሆኑ የሽማግሌ ሥራ መሸፈን እንደነበር፣ ሌላም ሌላም፣ አንዳንዱን እዚህ የማልጽፈውን። መንገደኛ ቆሞ አዳመጠ። እግራቸው አልተንቀሳቀሰም። ትንፋሽ ስወስድ ከሥር ድምፅ መጣ።

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው እስክትጨርስ ይህን ያዝልኝ።»

እጃቸው የእጅ ባትሪ ይዞ ከመኪናው ሥር ወጣ። ተንበርክኬ ያዝኩላቸው፤ እየሰደብኩ ወደሚሉኝ ቦታ አበራለሁ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ባትሪውን ተቀበሉኝና በአገጫቸው ወደ ትምህርት ቤቱ አመለከቱኝ፤ ሂድ እንኳ አላሉም። ስድቤን እዚያው አቋርጬ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት መጣሁና ካቆምኩበት ቀጠልኩ፤ እሳቸውም ባትሪውን ሰጡኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ስለ ሐጂ በድሩ አንድም ቀን አስረድተውኝ አያውቁም፣ እኔም አንድም ቀን ይቅር አላልኳቸውም።

ከልብስ ሰፊዋ ደጅ እንደ ተቀመጥኩ ለጋሽ ከድር የምላቸው ነገር ገና ብዙ እንደነበረ ታወቀኝ። አልጨረስኩም ነበር።